የዓባይ በረሃ በድልድይ ቁጥር አይለካም

ዓባይ የጎጃም ግንብ ነው የሚል አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ለመንገደኛ መመሪያ ተብሎ የተጻፈ በመሆኑ ብዙዎች አምነው ተቀብለውታል። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ጣሊያን ድልድይ እስኪሠራ ድረስ ከጎጃም ወደ ማዶ መሻገር አይቻልም ነበር፤ ዓላታና ሰባራ ድልድይ የፖርቱጋሎች ሥራ ናቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከሱዳን ሲመለሱ ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ገቡ፤ ዛሬም መኪና የሚያሻግሩት ሁለት ድልድዮች ብቻ ናቸው፤ ወደ ባሕር ዳር በሞጣ በኩል መሄድ ሁልጊዜ ይሻላል፤ ዓባይ የጣና ውሃ ስለሆነ ጣና ሲጎድል ይጎድላል፤ በእግር ለመሻገር ምርጡ ወር መስከረም ነው፤ አዲሱ ድልድይ ከተሠራ ወዲህ የጎሐ ጽዮን–ደጀን መንገድ ችግር ተፈትቷል፤ ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል።

ከእነዚህ መካከል የታሪክ ስሕተቶቹ የሰው ሕይወት አያጠፉም። የመስከረሙና የዜሮ ማርሹ ምክር ግን ያጠፋል። ይህ ምላሽ የተጻፈው በዋናነት ስለ ሁለቱ ነው፤ ሌሎቹንም መንገደ መንገዱን እናያቸዋለን።

መነሻው ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ጎጃም በሦስት ወገን በዓባይ የተከበበ ነው። ወንዙ ባሕር ዳር ላይ ከጣና ወጥቶ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ወደ ደቡብ፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ ይታጠፋል፤ በመጨረሻ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞሮ ሱዳን ይገባል። ጎጃም በዚህ እጥፋት ውስጥ ተቀምጧል። ከጽሑፉ ጋር የቀረበው ካርታ ግን ጀማን ከበሽሎ በላይ አስገብቶታል። ከማዶ የሚመጡት ገባሮች ቅደም ተከተላቸው ከላይ ወደ ታች በሽሎ፣ ወለቃ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ፊንጫ፣ ደዴሳ፣ ዳቡስ ነው። ይህን ማወቅ ለመንገደኛ ይጠቅማል፤ እስከ በሽሎ ድረስ ማዶው ደቡብ ጎንደር ነው፤ ከበሽሎ እስከ ጀማ ወሎ፣ ከዚያ ሸዋ፣ ከጉደር ወዲያ ደግሞ ወለጋ ነው። ካርታውን አምኖ ወደ መካነ ሰላም የሚወርድ ሰው በሽሎንም መሻገር ይጠብቀኛል ብሎ ሳያስፈልገው ስንቅና ቀን ይጨምራል።

መሻገር አይቻልም ነበር የሚለውን የደቡብ ጎጃም ገበያ ታሪክ ራሱ ያፈርሰዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሶ ገበያ ከሰሜን የሚመጡት ሲራራ ነጋዴዎችና ከጊቤ አገሮች በጉድሩ በኩል የሚመጣው ሸቀጥ የሚገናኙበት ነበር። ከደቡብ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ወርቅ ይመጣ ነበር፤ በዚያ ዘመን ሰውም ይሸጥ ነበር። ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ያለ አንድ ድልድይ በመልካ፣ ማለትም በወንዙ መሻገሪያ፣ ተሻግሯል፤ ውሃው ሲጎድል በእግር፣ ደረት ሲደርስ በተነፋ ስልቻ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር የተዋጉት ከዓባይ ማዶ፣ ሆሮ ጉድሩ ውስጥ ነው። ጦርነቱ የተደረገው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር፤ ለጦርም ለነጋዴም በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው የውሃው ወቅት ነው። ጽሑፉ ዓመቱን ሙሉ የተዘጋ አድርጎ ያቀረበው ይህን በመዝለሉ ነው።

ስለ ድንጋይ ድልድዮቹ ግማሹ እውነት ነው። የዓላታ ድልድይ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ በአጼ ሱስንዮስ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1626 ተሠራ። በዘመኑ የነበረው የካቶሊክ ሚስዮናዊ፣ ኢየሱሳዊው አልሜዳ እንደጻፈው የኖራ ድንጋይ በአቅራቢያው ተገኘ፤ ሥራውን የመራውም ከካቶሊኩ ፓትርያርክ ሜንዴዝ ጋር ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ነው። ሰባራ ድልድይ ግን በሞጣና በደቡብ ጎንደር መካከል ያለ ሌላ ሥራ ነው፤ የሚነገረውም ለአጼ ፋሲለደስ ነው። ፋሲለደስ ደግሞ ኢየሱሳውያንን ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅሎ ለፖርቱጋል መስጠት የዘመኑን ታሪክ ያዛባል።

የሰባራ ድልድይ ቀጣይ ዕጣ ለመንገደኛ የበለጠ ትምህርት አለው። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከለኛው ቅስት ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ በብረት ተገጠመ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ ወሰደው። የብረቱ ወለል ከአሮጌው ግንብ እኩል ስለነበር ትልቁ ሙላት ደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ2009 በገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ከፍ ብሎ ተሠራ። በጠባብ ገደል ውስጥ ውሃ ወደ ጎን መስፋት ስለማይችል ወደ ላይ ይነሣል፤ ስለዚህ በላይኛው ዓባይ ከድልድይ ርዝመት ይልቅ ቁመቱ ወሳኝ ነው።

የ1933ቱ መንገድ ደግሞ በካርታ ብቻ የሚፈታ ነው። ከላይ እንዳልነው ጎጃም በእጥፋቱ ውስጥ ስለሆነ ከሱዳን ወደ ጎጃም ለመግባት ዓባይን መሻገር አያስፈልግም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ድንበሩን ያለፉት ኦሜድላ ላይ፣ ከዓባይ በስተሰሜን ነው። ከዚያ በበላያ ተራራ በኩል ወደ ደጋው ወጡ፤ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ። ዓባይን የተሻገሩት ከዚያ በኋላ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ ነው። በዚያ ዘመቻ ስንቅና ጥይት የተጫኑት ከ10,000 በላይ ግመሎች ጥቂት ሲቀሩ አልቀዋል፤ ጭነታቸው ከልክ በላይ ነበር፣ መኖ አልበቃቸውም፣ ለአሸዋ የተሠራ ኮቴ ድንጋያማ ዳገት ላይ ወጣ፣ ከላይ የደጋው ብርድ ጠበቃቸው። የምዕራቡን ቆላ ዛሬም በጭነት እንስሳ የሚያቋርጥ ሰው ተመሳሳይ ችግር አለበት፤ ለበቅሎና ለከብት ደግሞ በዝንብ የሚተላለፈው የቆላ በሽታ፣ ገንዲ፣ ይጨመርበታል። ቆላ ከመውረዱ በፊት የእንስሳት ሐኪም አይሶሜታሚዲየም የተባለውን መከላከያ መድኃኒት ቢወጋቸው ሁለት ሦስት ወር ይጠብቃቸዋል። ከታመሙ በኋላ መሮጥ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቷል።

ሁለት ድልድይ ብቻ የሚለው ስሕተት ነው። ባሕር ዳር ላይ ከአሮጌው ሌላ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል አሮጌውና 303 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ጎን ለጎን ናቸው። ከግንደ ወይን ወደ መካነ ሰላም የሚያሻግር አለ፤ ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚወስድም አለ። የመጨረሻው ለምዕራብ ጎጃም ትልቅ ነገር ነው። ቡሬ–ነቀምቴ 257 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያው ጭነት በአዲስ አበባ ዞሮ ቢሄድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በእርግጥ በዚህ ሰሞን የትኛውም መንገድ ክፍት መሆኑን ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም፤ የጸጥታው ሁኔታ ከቀን ቀን ይለያያል።

የሞጣው ምክር በከፊል ብቻ ይሠራል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ 565 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በሞጣ 484 ያህል ነው፤ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ያጥራል። በበጋ ለቀላል መኪና ጥሩ ነው። ከባድ ጭነት ለያዘ ግን በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ የሚሄደው መስመር ጋራዥና ነዳጅ በየቅርቡ አለው። ክረምት ላይ ጥቁር መረሬ አፈር ባለበት ቦታ ከመንገዱ ጠርዝ የወጣ ጎማ ቶሎ አይወጣም።

ወደ ውሃው እንሂድ። ዓባይ የጣና ውሃ ነው የሚለው እምነት በባሕር ዳር ሰው ዘንድ ሥር የሰደደ ነው፤ ታችኛው መንገደኛ ላይ ግን አደጋ ያመጣል። ከጣና የሚወጣው ውሃ በዓመት ወደ 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይጠጋል፤ ሱዳን ድንበር ላይ የሚደርሰው ደግሞ ወደ 50 ቢሊዮን ነው። የጣና ድርሻ ከመቶ 8 ገደማ ነው ማለት ነው። ሌላው ከበሽሎ፣ ከጀማ፣ ከሙገር፣ ከጉደር፣ ከደዴሳ፣ ከዳቡስና ከራሱ ከጎጃም ወንዞች፣ ከሱሃ፣ ከሙጋ፣ ከብርና ከፈጣም የሚመጣ ነው። የጣናም መውጫ ቢሆን በጨረጨራ ግድብ በር የሚለቀቅ ነው፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህም ሌላው ውሃ በጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ዋሻ በኩል ወደ በለስ ይሄዳል። እንግዲህ ጢስ ዓባይ ላይ ያለው ከፍታና ዝቅታ የበሩን አከፋፈት ያሳያል፤ ደጀን ሥር ያለው ግን የበጌምድርንና የወሎን ዝናብ ያሳያል። ባሕር ዳር ላይ ጣና ጎድሏል ብሎ ወደ መልካ የሚወርድ ሰው የማይመለከተውን ምልክት አይቷል።

ወቅቱም እንዲሁ ነው። ከዓመቱ ውሃ 80 ከመቶ የሚበልጠው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ይወርዳል፤ ጫፉ ነሐሴ ነው። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ሜዳው አበባ ነው፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ወንዙ ግን ገና አልቀነሰም። መልካዎቹ የሚከፈቱት ከጥር ጀምሮ ነው፤ እስከ ግንቦት ይቆያሉ፤ ዝቅተኛው ውሃ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው። በግንቦት ራሱ የበልግ ዝናብ ከማዶ ሊያሞላው ይችላል።

ለመሻገር ሰፊና ጠጠራማ ቦታ ይመረጣል። ውሃ ሲሰፋ ይሳሳል፤ ጠባቡ ቦታ አጭር መስሎ ይስባል፣ ጥልቁና ፈጣኑ ግን እሱ ነው። ማታ ሲደርሱ በውሃው ጠርዝ አንድ ድንጋይ ያኑሩ፤ ጠዋት ድንጋዩ ከሰጠመ ከላይ ዘንቧል፤ ሰማዩ ምንም ቢጠራ የዚያን ዕለት አይሻገሩ። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ ወይም ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረም ቶሎ ወደ ዳር መውጣት ነው። ፈጣን ውሃ ከጉልበት ካለፈ ብቻውን የሚሄድ ሰው ይጥላል፤ ረጋ ያለው እስከ ወገብ ይቻላል። ዱላ ወደ ላይኛው ወገን ተክሎ፣ ፊትን ወደ ሞገዱ አዙሮ፣ ጥቂት ወደ ታች እያጋደሉ መሄድ ይሻላል። አህያና በቅሎ ጭነታቸው ይራገፋል፤ የተጫነ እንስሳ አንዴ ከወደቀ አይነሣም። ዓባይ አዞ አለበትና በቡድን፣ እየጮኹና ድንጋይ እየወረወሩ መግባት ከድሮ ጀምሮ የኖረ ልማድ ነው፤ ምክንያት አለው፤ አዞ ለብቻው የቆመን ይመርጣል።

መስከረምን የማይሆን የሚያደርገው ሁለተኛ ነገር ወባ ነው። በአገራችን ወባ በብዛት የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች ሲሆን፣ ዋናው ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ደጀንና ጎሐ ጽዮን ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው፤ የወንዙ አልጋ ደጀን ሥር ከ1,050 ሜትር ብዙ አይርቅም። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚለያይ ከላይ ጋቢ ለብሶ የተነሣ ሰው ታች ሲደርስ 9 ዲግሪ ጨምሮ ያገኘዋል። ሌሊት ወንዙ ዳር ከማደር ወደ ገደሉ አጋማሽ ወጥቶ አጎበር ዘርግቶ መተኛት ይሻላል። ሲወርዱ ንጋት ላይ መነሣት፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ 4 ሊትር ውሃ መያዝ፣ ዳገቱን ከሰዓት በኋላ ጥላው ሲመጣ መጀመር፤ ሲወርዱ የቀለለ ሰው ሲወጣ የሚደክመው ውሃውን ታች ጨርሶት ስለሚመጣ ነው። ከወረዱ በኋላ በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዘ ብርድ ነው ብሎ አለመተው፤ ያንኑ ዕለት ደም መመርመር ነው።

አሁን ወደ አስፋልቱ። አዲሱ ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲከፈት ትልቅ ችግር አቃልሏል፤ ከባድ መኪኖች በአሮጌው ላይ ተራ በተራ ያልፉ ነበርና። መንገዱን የሚያበላሸው ግን ድልድዩ ኖሮ አያውቅም፤ ተዳፋቱ ነው። ከደጀን ወደ ታች ሲወርዱ መጀመሪያ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይታያል። ከሥሩ አሸዋማ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰምና ለስላሳ የጭቃ ድንጋይ፣ ከታች እስከ ወንዙ ቀላ ያለ አሸዋማ ድንጋይ ተደራርበዋል። የላይኞቹ የተሰነጣጠቁ ስለሆኑ የክረምቱ ዝናብ ሰርጎ ይገባል። የጭቃ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ውሃው መውረጃ ያጣል፤ እዚያው ይጠራቀማል፤ ጭቃው ይላላል፤ በላዩ ያለው ከላይ የተንከባለለ አፈርና ቋጥኝ መንገዱን ይዞ ይንሸራተታል። ሐምሌና ነሐሴ የመንሸራተቻው ወራት የሆኑት ለዚህ ነው።

ምልክቱ በዓይን ይታያል፦ አስፋልቱ ላይ የማጭድ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ፣ በገደሉ በኩል ያለው መስመር ዝቅ ማለት፣ የውሃ ቦይ ግንብ መሰበር፣ መንገዱ እንደ ሞገድ መሆን። የተለመደው ጥገና ዝቅ ያለውን በጠጠር ሞልቶ አስፋልት መደረብ ነው። ይህ ችግሩን ያባብሳል፤ በሚንሸራተተው አፈር ራስ ላይ ክብደት ይጨምራልና በሚቀጥለው ክረምት ይበልጥ ይወርዳል። ስንጥቁን ውሃ እንዳይገባ መድፈን ጥሩ ነው፤ ዋናው መድኃኒት ግን ውሃውን ከመንገዱ በላይ ባለ ቦይ መያዝ፣ የገባውን በተቀበረ የማፍሰሻ ቱቦ ማውጣት፣ የተዳፋቱን እግር ደግሞ በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በታጨቀበት የሽቦ ሳጥን፣ መደገፍ ነው። ጋቢዮን ውሃ ያሳልፋል፣ መሬቱ ሲንቀሳቀስም አብሮ ይጎብጣል፤ ደረቅ የኮንክሪት ግንብ ከኋላው ውሃ ይዞ ይሰነጠቃል። አሽከርካሪ ደግሞ በክረምት ዝቅ ባለው መስመር ላይ መቆም የለበትም፤ ጎማ መቀየርም ቢሆን ከዚያ አልፎ ነው።

የመጨረሻው፣ ዜሮ ማርሽ። ከእያንዳንዱ ጫፍ እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁመቱ 1,400 ሜትር ገደማ ነው። በአማካይ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲወርድ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የጎማና የአየር ግጭት የሚበላው ተቀንሶ ወደ 200 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ኃይል በሙቀት መልክ መውጣት አለበት። ይህ ከ50 በላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ባንድ ጊዜ ተለኩሶ ለ40 ደቂቃ እንደመንደድ ነው። ሞተሩ በማርሽ ከተያዘ ብዙውን እሱ ይቀበላል። ዜሮ ላይ ግን ሁሉም የፍሬኑ ታምቡር ላይ ያርፋል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራው ራሱ ሲግል መያዙን ያጣል፤ ፔዳሉን እየረገጡ መኪናው አይቆምም። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ስለሚሽከረከር ለፍሬኑ አየር የሚሞላው መጭመቂያ ደካማ ነው፤ ደጋግሞ ፍሬን ሲያዝ የአየሩ ግፊት ወደ 4 ወይም 5 ባር ግድም ይወርዳል፣ ማስጠንቀቂያውም ይጮኻል። ነዳጅም አይተርፍም፤ የአሁን ሞተር በማርሽ ሲወርድ እግር ከነዳጅ መስጫው ከተነሣ ነዳጁን ይቆርጣል፣ ዜሮ ላይ ግን እንዳይጠፋ ያቃጥላል።

ስለዚህ ከጫፉ በፊት ይቆማል። የአየር ግፊት፣ የፍሬን አስተካከል፣ የጎማ ሁኔታ ይታያል፤ ጭነት መታሰሩ ይረጋገጣል። ዳገቱን የምንወጣበት ማርሽ ገና ሳይወርዱ ይገባል፤ መካከል ላይ ማርሽ ልቀንስ ብሎ ያልገባለት አሽከርካሪ ዜሮ ላይ ይቀራል። ፍሬን በስሱ ተይዞ አይኬድም፤ ፍጥነቱ 30 ሲደርስ በደንብ ተይዞ ወደ 20 ይወርድና ይለቀቃል፣ በመካከል ታምቡሩ ይቀዘቅዛል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ፈልጎ መቆም፣ ረዳቱ ታኮ ማድረግ፣ ሳይቸኩሉ መጠበቅ ነው። በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ መድፋት አይገባም፤ ይሰነጥቀዋል።

በማዶው ዳገት ጉዳዩ ወደ ራዲያተሩ ይዞራል። ደጀን ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ታች ወንዙ ዳር ከ96 በላይ ነው። ክዳኑ ግፊት የማይይዝ ራዲያተር ታች ደህና መስሎ ይነሣና የሚፈላው ሊጨርስ ሲል፣ ሞተሩ አብዝቶ በደከመበት ቦታ ነው። ክዳኑ የጎማ ማኅተሙ ከደረቀ ከመነሣት በፊት ይቀየር፤ ከፈላም ሞተሩ እስኪበርድ ሳይጠብቁ አይከፈት።